ድንጋይ ሲቀየርላት ሁሉን የምትረሳው ፓልም ኤም 105፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ያገለገለች ፓልም ኤም 105፣ በብዕር የሚጻፍባትን የኪስ ኮምፒውተር፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ የባትሪ ድንጋዩ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ድረስ ውስጧ ያለው ጽሑፍ ይቆያል ወይስ አይቆይም? ሌላው ሁሉ መላ አለው። ስክሪኑ ቢጫር ይነበባል፤ ክዳኑ ቢላላ ይታሰራል፤ ብዕሯ ብትጠፋ ሹል ያልሆነ የፕላስቲክ ጫፍ ይተካታል። ጽሑፍ ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው። የሰው ስልክ ቁጥር፣ የዱቤ መዝገብ፣ የቀጠሮ ቀን አብረው ይሄዳሉ። የኔዋ ይህ ችግር አለባት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ከሞላ ጎደል ስለ እሱ ነው፤ በነዚህ ወራት በሰላም ስለሠራው ነገር ብዙ የምለው የለኝም።

ስለዚህች ዕቃ ሻጮች የሚሉት ተመሳሳይ ነው። «አቦ፣ ይቺ ቻርጀር አትጠይቅ፣ መብራት ሄደ አትል፤ ሁለት ቀጭን ድንጋይ ካገኘች በቃ።» እዚህ ድረስ ልክ ነው፤ እኔም የገዛኋት ለዚሁ ነው። ቀጥሎ ግን «ድንጋይ ስትቀይር ደግሞ አንድ ደቂቃ አለህ፣ አትቻኮል» ይላል። ይህን የሚል ሻጭ የሚናገረው እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ ሆና ስለወጣችው ዕቃ ነው፤ እጁ ላይ ስላለችው አይደለም። ያቺ አንድ ደቂቃ የምትገኘው ቦርዷ ላይ ካለች፣ ጥቂት ኃይል አጠራቅማ ከምትይዝ አንዲት ካፓሲተር ነው። ካፓሲተሯ ደግሞ ከዕቃዋ ጋር አብራ ያረጀች፣ ከ20 ዓመት በላይ የሞላት ናት። በዚህ ሠሪውን አልከስም፤ ይህን ያህል ዘመን እንድትቆይ ብሎ የሠራት የለም። የምከራከረው ሳይፈትን ከሚምል ሻጭ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤም 105 ላይ የምትጽፉት ሁሉ የሚቀመጠው 8 ሜጋባይት በሆነ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ይህ ሜሞሪ ዛሬ ስልኮች ላይ እንዳለው ፍላሽ አይደለም፤ ኃይል ከተቋረጠበት ባዶ የሚሆን ራም ነው። ዕቃዋን አጥፍታችሁ ኪስ ውስጥ ብትከቷትም ሁለቱ ድንጋዮች በጣም ትንሽ ኃይል እየሰጡ ያቆዩታል። ድንጋዮቹ ሲወጡ ካፓሲተሯ ይህን ሥራ ትረከባለች። ጤነኛ ከሆነች አዲስ ድንጋይ እስኪገባ ትበቃለች። ከደከመች ግን ቮልቴጁ በሰከንዶች ውስጥ ይወርድና ሜሞሪው ይጸዳል። ዕቃዋን የሚያስኬደው ሲስተም፣ ፓልም ኦኤስ 3.5፣ ራሱ በማይጠፋ ሮም ላይ ስለተቀመጠ ምንም አይነካውም። ለዚህ ነው አዲስ ድንጋይ ሲገባላት ዕቃዋ በደህና የምትበራው። የምታሳየው ግን የመጀመሪያ ቀን ገጿን ነው፦ እዚህ ንኩ፣ እዚያ ንኩ፣ ሰዓት ሙሉ፣ ቀን ሙሉ። ሻጩ አብርቷት «ይኸው፣ እንደ አዲስ!» ሲል ያንኑ ገጽ እያሳያችሁ ነው። ያ ገጽ ሲገዙ የሚያስደስት ምልክት አይደለም፤ ውስጧ ምንም እንዳልቀረ የሚናገር ነው።

ሮሙ እንደገና የማይጻፍበት ዓይነት መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። በሌሎች የፓልም ዓይነቶች ላይ፣ ለምሳሌ በፓልም 5ኤክስ፣ ከሲስተሙ የተረፈውን የፍላሽ ቦታ ለመጠባበቂያ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ነበሩ። ኤም 105 ላይ ያ መንገድ ዝግ ነው። የካርድ ማስገቢያም የላትም። ስለዚህ ጽሑፉ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በሁለት ድንጋይ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ደጋግሜ የምሰማው አንድ ምክር አለ፦ «ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ቀይር፣ አንዱ ይይዛታል።» አይይዛትም። ሁለቱ ድንጋዮች የተያያዙት በተከታታይ ነው፤ 1.5 እና 1.5 ተደምሮ 3 ቮልት ይሰጣሉ። አንዱ ሲወጣ መስመሩ ተቆርጧል፤ የቀረው ብቻውን የሚሰጠው ነገር የለም። አንዱን አውጥታችሁ ሌላውን ብታስቀሩትም ሁለቱንም ብታወጡ ለሜሞሪው ያው ነው።

ስትገዙ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፤ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። የራሳችሁን ሁለት አዲስ የአልካላይን ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱ። አስገቡና አንድ አጭር ማስታወሻ ጻፉ። ከዚያ ካፓሲተሯ እስክትሞላ ድረስ ድንጋዩ ውስጥ እንዳለ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉአት፤ ሻይ ይጠጣ፣ ወሬ ይወራ። ይህን እረፍት የማይሰጥ ሰው ደህነኛዋንም በሽተኛ ሊያደርጋት ይችላል፤ ባዶ ካፓሲተር ጤነኛ ብትሆንም ምንም አትይዝም። ከዚያ ዕቃዋን አጥፉ። ይህ አይዘለልም፤ በርታ እያለች ድንጋይ ከወጣ ስክሪኑና ፕሮሰሰሩ የካፓሲተሯን ኃይል በቅጽበት ይጨርሱታል። ሁለቱንም ድንጋዮች አውጡና በሰዓት 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ መልሱ። ማስታወሻው ካለ ግዙ። የመጀመሪያ ቀን ገጽ ከመጣ ካፓሲተሯ አልቃለች፤ ዋጋው ከዚያ ተነስቶ ይወራ። ይህን ፈተና እንዳታደርጉ የሚከለክል ሻጭ ውጤቱን ያውቀዋል ማለት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ሐረር ላይ ተቀምጣ የቆየች ናት፣ ሙቀት አላያትም» ይላል። በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት አለ። ካፓሲተርን ከዕድሜ ቀጥሎ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ በውስጧ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይደርቃል። የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች በተለምዶ የሚሠሩበት ስሌት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ ሲነካ፣ እኩለ ቀን ላይ ተዘግቶ በሚውል ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ ይበልጣል። የመኪና ወይም የባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ያገኛት ዕቃ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ የት ነበረች የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን ሐረር መቀመጧ ፈተናውን አይተካም፤ ቀዝቃዛ ቦታም ላይ 20 ዓመት 20 ዓመት ነው።

አሁን ካፓሲተሯ አልቃለች እንበል። የኔዋም እንዲሁ ናት። ሦስት መንገድ አለ፤ የምወደው የመጀመሪያውን ነው።

ድንጋይ በሚቀየርበት ሰዓት ከውጭ 3 ቮልት መስጠት። ሁለት የደብል ኤ ድንጋይ የሚይዝ የፕላስቲክ ቤት፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያለው፣ እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሬዲዮና አሻንጉሊት የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ከፓልሟ የድንጋይ ጎጆ የመጨረሻ ፖዘቲቭና የመጨረሻ ኔጌቲቭ ብረቶች ላይ ሁለት ቀጭን ሽቦ በስታኞ ተይዞ በሽፋኑ ጠርዝ በኩል ይወጣል። ጎጆው ውስጥ ሁለቱን ድንጋዮች እርስ በርስ የሚያገናኝ ድልድይም አለ። ሽቦው በስህተት እዚያ ላይ ከታሰረ የሚገኘው 1.5 ቮልት ብቻ ነው፤ ሜሞሪውን አያድነውም። ድንጋዮቹ ውስጥ እንዳሉ ቴስተር አስቀምጣችሁ ለኩ፤ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 3 ቮልት ገደማ ማንበብ አለበት። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ከተገለበጠ ቦርዷ ሊቃጠል ስለሚችል፣ ቀይ ቀይ መሆኑን ሁለቴ ማየት አያስፈራም። ብየዳውን የሚሠራው ሰው ብረቱን በመጀመሪያ በስለት ፋቅ ፋቅ ያድርገው፤ ካውያውም ከሁለት ሰከንድ በላይ አይቆይ። ከብረቱ ጀርባ ያለው ፕላስቲክ ከቀለጠ ድንጋዩ ላልቶ ይቀመጥና ዕቃዋ ስትነቀነቅ ትጠፋለች፤ ያ ደግሞ ካፓሲተር ለሞተባት ዕቃ ሞት ነው። የሚወጡት የሽቦ ጫፎችም ኪስ ውስጥ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በየብቻቸው በናስትሮ ይጠቅለሉ። ሥራው ሲሠራ ድንጋዩ መውጣቱ ስለማይቀር ውስጧ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ከዚያ ወዲያ ቅየራው ቀላል ነው። ዕቃዋን ታጠፋላችሁ፣ የውጩን ቤት ታገናኛላችሁ፣ አሮጌዎቹን ታወጣላችሁ፣ አዲሶቹን ታስገባላችሁ፣ የውጩን ትነቅላላችሁ። ከውጭ ያለው ትኩስ ድንጋይ ውስጥ ካለው አሮጌ ጋር ተያይዞ እንዲቆይ አይተው፤ ትኩሱ ወደ አሮጌው ይፈሳል፣ አሮጌውም ይሞቃል፣ ያፈሳል። እንዳገናኛችሁ ወዲያው አውጡት። በዚህ መንገድ ከሠራሁ ወዲህ ቅየራ ላይ አንድም ጽሑፍ አልጠፋብኝም።

ሁለተኛው መንገድ ካፓሲተሯን መተካት ነው። ይቻላል፤ ግን ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ቀፎውን መክፈት አለ፤ የስክሪኑ ቀጭን ሪባን ሲሳብ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ የሚተካ የለም። የሚገባው ካፓሲተር ቮልቴጁ በአሮጌዋ ላይ ከተጻፈው ያላነሰ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ የተጠበቀ፣ ቁመቱም ቀፎው እንዲዘጋ የሚፈቅድ መሆን አለበት። አንዳንድ ጠጋኝ ከአሮጌ የቪዲዮ ማጫወቻ ቦርድ ላይ፣ ለሰዓቱ መጠባበቂያ ትሆን የነበረችውን ነቅሎ ያመጣል። ያቺም የፓልሟ እኩያ ናት፤ ለድካሙ አትገባም። አዲስ ከተገኘ ብቻ ይሠራ።

ሦስተኛው፣ ከላይ ካሉት ጋር አብሮ የግድ መሆን ያለበት፣ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነው። እዚህም ሻጭ የማይናገረው ነገር አለ። የኤም 105 ገመድ ባለ 9 እግር ሲሪያል ነው፤ የዛሬ ላፕቶፕ ይህ መሰኪያ የለውም። ከሲሪያል ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አስማሚ ያስፈልጋል። ገመዱ ከዕቃዋ ጋር ካልመጣ ዋጋው ላይ ተከራከሩ፤ የታችኛው መሰኪያዋ የራሷ ዓይነት ስለሆነ በሌላ ገመድ አይተካም። አስማሚው ከተገኘ በኋላ ዊንዶውስ የሰጠውን የፖርት ቁጥር ከ1 እስከ 4 ባለው ውስጥ አድርጉት፤ ፓልሟን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው አሮጌው ፕሮግራም፣ ሆትሲንክ፣ ከፍ ያለውን ቁጥር ላያሳይ ይችላል። ግንኙነቱ ግማሽ መንገድ ላይ ከተቆረጠ ፍጥነቱን ወደ 57,600 ወይም ከዚያ በታች አውርዱት። ርካሽ አስማሚ በከፍተኛው ፍጥነት መንተባተቡ የተለመደ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ በዩኤስቢ የሚያያዙትን ፓልሞች ያስቸግራል፤ በሲሪያል የምትያያዘውን ግን አይከለክላትም። በዚህ በኩል አሮጌው ገመድ ጠቅሞናል። ሊኑክስ ያለው ሰው ጄ-ፓይለት በሚባለው ፕሮግራም ይገለገል።

ሜሞሪዋ ከጠፋ በኋላ ስትመልሱ እጅግ ተጠንቀቁ። ባዶዋን ፓልም ከኮምፒውተሩ ጋር ስታገናኙ የድሮውን የተጠቃሚ ስም ምረጡ፤ በሆትሲንክ ምርጫዎች ውስጥም ለእያንዳንዱ ክፍል ኮምፒውተሩ የእጅ ዕቃውን እንዲተካ አድርጉ። ተቃራኒውን የመረጠ ሰው ባዶውን በሙሉው ላይ ይገለብጥና መጠባበቂያውንም በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ከመመለሱ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የፓልም ዴስክቶፕ ፕሮግራም የመረጃ ፎልደር ሌላ ቦታ ወይም ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ኮምፒውተር የሌለው ደግሞ ሌላ ፓልም ያለው ጎረቤት ካገኘ በኢንፍራሬድ መላክ ይችላል። የአድራሻ፣ የሥራ ዝርዝርና የማስታወሻ ክፍሎች አንድን ምድብ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይልካሉ። የቀን መቁጠሪያው ግን ቀጠሮዎቹን አንድ በአንድ እንጂ በጅምላ አይልክም። ስለዚህ ብዙ ቀጠሮ ያለው ሰው በዚህ አይመካ። በቀጥታ ፀሐይ ሥር ኢንፍራሬድ ስለሚደናገር ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ሁለቱን አፍ ለአፍ አድርጓቸው።

ድንጋዩ ራሱ የዚህ ችግር ግማሽ ነው። በየሱቁ የሚገኘው ርካሹ ቀጭን ድንጋይ የካርቦን ነው። ከአልካላይኑ ግማሽ እንኳ አይሠራም፤ ቮልቴጁም ቶሎ ይወርዳል፤ ማስጠንቀቂያው በመጣ ማግስት ዕቃዋ ጸድታ ልትገኝ ትችላለች። አልካላይን ቀስ እያለ ስለሚወርድ ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላም ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። በርካሹ የሚገኘው ትርፍ ኪሳራ ነው፤ ብዙ ድንጋይ ማለት ብዙ ቅየራ ነው፤ ብዙ ቅየራ ደግሞ ለዚህች ዕቃ ብዙ የመርሳት አጋጣሚ ነው። ቻርጅ የሚደረጉት ኒኬል ድንጋዮች ይሠራሉ። ቮልቴጃቸው 1.2 ስለሆነ ግን መለኪያው ሙሉውን ድንጋይ ያለቀ አድርጎ ያሳያል። በግራፊቲ መጻፊያው ላይ፣ ማለትም ፊደል በብዕር በሚጻፍበት የስክሪኑ ክፍል፣ የአቋራጭ ምልክቱን፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ 7 ስትጽፉ የድንጋዩን ዓይነት ይለዋውጣል። ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሌሎች ቁጥሮች አትሞክሩ፤ 1 እና 2 ለፕሮግራም ሠሪዎች የተተዉ ናቸው፣ ፖርቱን ከፍተው ድንጋይ ይጨርሳሉ።

የጀርባ መብራቷንም ቆጥቡ። ማብሪያውን ሁለት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ያበራዋል፤ ሳይታወቅ ኪስ ውስጥ ከበራ ድንጋዩን ይበላዋል።

ስትገዙ የድንጋይ ጎጆውን ክፈቱና አሽትቱ፣ እዩ። ነጭ ቅርፊት ካለ አልካላይን አፍስሶባታል፤ በጥጥ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ነክራችሁ ጥረጉት። የካርቦን ድንጋይ ፈሳሽ ግን አሲድ ስለሆነ ሎሚ አይጠቅመውም፤ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጣችሁ ጥረጉ። በሁለቱም በኩል ማጠናቀቂያው አልኮል ነው። ስፕሪንጉ ከተበላ በጥፍራችሁ ስትነኩት ይሰበራል፤ እንዲህ ያለችውን ተዉአት።

ከዚህ ሌላ የምከሰው የስክሪኑን መንሸራተት ነው። አንድ ፊደል ነክታችሁ ሌላ ይመጣል። የሚበዛው ምክንያት በስክሪኑና በቀፎው ጠርዝ መካከል የተወሸቀ አቧራ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ይህ አይቀርም። የቢዝነስ ካርድ ጠርዝ ወይም ጠንከር ያለ ወረቀት በአራቱም ጎን ቀስ ብሎ ማሳለፍ ያወጣዋል። ከዚያ ምርጫዎች ውስጥ ገብታችሁ ዲጂታይዘር የሚለውን እንደገና አስተካክሉ። በሙቀትም ትንሽ ይንሸራተታል፤ ማለዳ ተስተካክላ በቀትር ብትስት አትደንግጡ።

ታዲያ ለምን ይዣታለሁ? ለአማርኛዬ። ኤም 100 እና ኤም 105 ላይ ኖት ፓድ የሚባል የእጅ ጽሑፍ መቀበያ አለ፤ ከፊት ካሉት አራት ቁልፎች አንዱ በቀጥታ ይከፍተዋል። ግራፊቲ የሚያውቀው ላቲን ብቻ ነው። ኖት ፓድ ግን ምን እንደጻፋችሁ አይጠይቅም፤ በብዕር የተሳለውን እንዳለ ያስቀምጣል። ፊደል በገዛ እጅ ጽሑፍ፣ ካስፈለገም የቤት ሥዕል፣ የመንገድ ምልክት፣ የጆንያ ቁጥር ይሰፍርበታል። በዚያ ላይ ለያንዳንዱ ወረቀት የማስታወሻ ደወል መሙላት ይቻላል። በሰዓቱ ይጮህና የራሳችሁን የአማርኛ ጽሑፍ ያሳያችኋል። ይህን ምንም ፎንት ሳይጫን፣ ምንም ፕሮግራም ሳይፈለግ ታደርገዋለች። ጉድለቱ ፍለጋ የማይያዝ መሆኑ ነው፤ ሥዕል ነውና። ርዕሱን በላቲን ፊደል አጭር አድርጎ መስጠት ይህን ያቃልላል። ይህንን ሻጮች ሲናገሩት ሰምቼ አላውቅም፤ ለመሸጥ የሚበቃው ቃል ግን ይህ ነበር።

ሁለተኛው ደስታዬ ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሱት። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን 1፡00 ታሳያለች፤ ኤኤም ያለው ሁሉ ቀን፣ ፒኤም ያለው ሁሉ ማታና ሌሊት ይሆናል። ቀኑም የሚለወጠው በፈረንጅ እኩለ ሌሊት መሆኑ ይቀርና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት የተባለ ቀጠሮ ሰኞ ገጽ ላይ ይገኛል፤ እኛም የምንቆጥረው እንዲሁ ነው። ክዳኗ ተዘግቶ የላይኛውን ቁልፍ ስትጫኑ በመስኮቷ በኩል የምታሳየው ሰዓት የኛው ሰዓት ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ግን ቀጠሮዎቹ ከፈረንጅ ሰዓት 6 ሰዓት ቀድመው ይቀመጣሉ፤ ያን የሚያይ ሌላ ሰው ካለ ይነገረው። የኢትዮጵያ ወራትን ግን ማስገባት አይቻልም፤ ለጳጉሜን ቦታ የላትም። የምትቆጥረውም እስከ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር 2031 መጨረሻ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 ቀን 2024 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ አትይዝም።

«እንግዲያው ኤም 500 ውሰድ፣ ትበልጣለች» ይላል ሻጩ። ትበልጣለች፤ ቀጭን ናት፣ የካርድ ማስገቢያ አላት። ነገር ግን ባትሪዋ ውስጧ የታሸገ ሊቲየም ነው፤ እሱም ያረጀ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪው ሲያልቅ እሷም ትረሳለች፤ ከዚያ ሱቅ ሄዶ ድንጋይ ገዝቶ ማስነሳት የለም። ካርድ ላይ የገለበጠ ብቻ ይተርፋል። ለኔ የሚሻለው ተተኪ ኤም 125 ነው። ሁለት ቀጭን ድንጋይ የምትበላ፣ የካርድ ማስገቢያም ያላት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የወጣች ናት። ካፓሲተሯ ቢሞትም ካርድ ላይ የተገለበጠው ጽሑፍ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ታንግስተን ኢ2 ደግሞ ሜሞሪዋ ኃይል ቢቋረጥም አይጠፋም፤ ባትሪዋ ግን የታሸገ ነው። ሁለቱን ጥቅም አንድ ላይ የያዘች ፓልም አላየሁም። ኩባንያው ይህን መስመር ዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኤችፒ ስለተሸጠ አዲስ የምትመጣም የለችም።

የኔን ዕቃ መልሼ አልሸጣትም። ሽቦው ወጥቶላታል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ይገለበጥላታል፤ ድንጋይዋ አልካላይን ነው። በዚህ ሁኔታ አታሳዝነኝም። ካፓሲተሩን ሳይፈትን በሙሉ ዋጋ የሸጠ ሰው ግን ትክክል አልሠራም፤ ይህን አሁንም እላለሁ። ያለፈተና የምትሸጠዋን ከአንድ ተራ ባለቁልፍ ስልክ ዋጋ በታች ካልሆነ አትውሰዱ። የሞተ ካፓሲተር ያላትን ግን ስክሪኗ ንጹሕ፣ ጎጆዋ ያልተበላ፣ ገመዷም አብሮ ያለ ከሆነ ውሰዷት፤ ገመዱ ብቻ እንኳ ለሌላዋ ይሆናል።